ወንዝ ዳር፣ በቀን 60 ዶላር

ከሜሪላንድ የሚመጣ አንድ ዘመድ አለን። እርግጥ የአንዳችን የአክስት ልጅ ነው፤ ነገር ግን አዲስ አበባ በመጣ ቁጥር ሁላችንንም አሰባስቦ ስለሚጋብዝ ዝምድናው ቀስ በቀስ ለሁላችንም ተከፋፍሏል። ድሮ ሲመጣ እናቱ ቤት ነበር የሚያርፈው። አሁን እናቱም የሉም፣ ቤቱም የለም። ስለዚህ ለገናና ለጥምቀት ሲመጣ በኢንተርኔት አፓርታማ ተከራየ። ማስታወቂያውን አስቀድሞ በቴሌግራም ልኮልን ነበር፦ “ወንዝ ዳር የሚገኝ፣ ሙሉ ዕቃ የተሟላለት ባለ ሁለት መኝታ የእረፍት ቤት። በረንዳው ላይ የወንዙን ድምፅ እየሰሙ ቡናዎን ይጠጡ። ለከተማዋ ዋና ዋና መስህቦች ቅርብ።” በቀን 60 ዶላር።

ወንዙ ቀበና ነው።

ይህን ያነበበ የአዲስ አበባ ልጅ አሁን ሳቁ እንደመጣ እናውቃለን። እኛም ስቀናል። እስቲ ግን ሳቁን ትንሽ እናቆየውና ቤቱን እንይ።

ሄድን። ሦስተኛ ፎቅ ነው። ቤቱ ቆንጆ ነው፣ አይካድም። ግራጫ ሶፋ፣ ግድግዳው ላይ የቤተ ጊዮርጊስ ፎቶ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ማንም ቡና የማያፈላበት ጀበናና ረከቦት ለጌጥ ተቀምጧል። የበረንዳው በር ዝግ ነው፤ ከሥሩም ፎጣ ተጠቅልሎ ተወትፏል። “ክፈተው እንጂ፣ የወንዙን ድምፅ እንስማ” አልነው። “ድምፁን ከፈለጋችሁ ከነሽታው ነው” አለን።

ከፈትነው። ታች አዲሱ የእግረኛ መንገድ ይታያል፤ ንጣፉ ያምራል፣ መብራቱ ያምራል፣ ሣሩ በየቀኑ ውሃ ይጠጣል። ከሣሩ ቀጥሎ የድንጋይ ግንብ አለ። ከግንቡ ሥር ደግሞ የጥር ቀበና፦ ግራጫ፣ ቀጭን፣ ድንጋይ ለድንጋይ እየተላተመ ነጭ አረፋ የሚያወጣ። አረፋው የሳሙና ነው። ሌላው ሽታ የምን እንደሆነ ለመናገር ግን ይህን ጽሑፍ ምሳ ሰዓት ላይ የሚያነብ ሰው ሊኖር ስለሚችል እናልፈዋለን።

ፍሪጁ ላይ በማግኔት የተለጠፈ ወረቀት አለ፤ “አካባቢውን ይጎብኙ” ይላል። አንድነት ፓርክ በመኪና ይህን ያህል ደቂቃ፣ ወዳጅነት ፓርክ ይህን ያህል፣ ብሔራዊ ሙዚየም፣ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል፣ የሳይንስ ሙዚየም፣ እንጦጦ ፓርክ። ከታች “ትኩስ ሰላጣ የሚያገኙባቸው ካፌዎች” ይላል። ወደ ሰላጣው እንመለስበታለን።

ጠባችን እዚህ ላይ ነው የሚጀምረው። ጠባችን ከዘመዳችን ጋር አይደለም። ከእንግዳ ጋርም አይደለም፤ እንግዳ ይምጣ፣ በእግሩም በአውሮፕላንም ይምጣ። የቤቱን ባለቤትም ለይተን ጠላት ልናደርገው አንፈልግም፤ እሱን የሚመስሉ ብዙ ናቸውና። የምንጣላው “ወንዝ ዳር” ከሚለው ቃል ጋር ነው። ይህ ቃል አዲስ አበባ ውስጥ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ትርጉሙ ተገልብጧል፤ ሲገለበጥ ማን ከላይ እንደወጣና ማን ከታች እንደቀረ ደግሞ የሚነግረን ጠፍቷል።

መጀመሪያ ነገሩን ከሥሩ እንየው። አዲስ አበባ ራሷ የተጀመረችው እንደ ውሃ ዳር የእረፍት ቤት ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ፍልውሃ አጠገብ ቤት አሠሩ፣ መኳንንቱም ለመታጠብ ተከትለው ወረዱ፣ በ1879 ዓ.ም. አካባቢ ስም ወጣላትና ከተማ ሆነች። ሰው ለመታጠቢያና ለማረፊያ የመጣበት ውሃ ዛሬ እጅ የማይነከርበት ሆኖ መገኘቱ በራሱ አንድ ጽሑፍ ይወጣዋል። ከተማዋ ጀርባዋን ለወንዞቿ ሰጥታ ነው ያደገችው። መንገዱ ከላይ፣ ሱቁ ከላይ፣ ቤተ መንግሥቱ ከላይ። ወንዙ የሚወርድበት ገደል የተተወው ሌላ ቦታ ላጣ ሰው ነበር።

ስለዚህ እኛ ልጅ በነበርንበት ጊዜ “ወንዝ ዳር” አድራሻ ሳይሆን ስድብ ነበር። ትምህርት ቤት ውስጥ የት ነው የምትኖሪው ስትባል “ከፍ ብሎ፣ አስፋልቱ ጋ” ብላ የምትዋሽ ጓደኛ ነበረችን። እሪ በከንቱ የሚባለውን ሰፈር አስቡት እስቲ። ገደሉ ውስጥ የተዘረፈ ሰው ቢጮህ ማንም አይደርስለትም ተብሎ ነው ስሙ የወጣው ይባላል። እንግዲህ ሕዝቡ ለወንዝ ዳር የሰጠው ስም ይኼ ነበር።

ያቺ የምትዋሸው ጓደኛችን ዛሬ ከዚህ ገጽ ጸሐፊዎች አንዷ ናት። የተወለደችውም ከዘመዳችን በረንዳ ቁልቁል በሚታይ ቦታ ነው። በረንዳው ላይ ቆማ በጣቷ አሳየችን፦ “እዚያ፣ ሁለተኛው አምፖል ጋ፣ የኛ በር ነበረ። ከሱ ቀጥሎ የእትዬ ጠላ ቤት። ያኛው አግዳሚ ወንበር ያለበት ቦታ የጋራ ሽንት ቤቱ ነው።” ሽንት ቤቱ ወዴት ይፈስ እንደነበር ስንጠይቃት ሳቀች። ወደ ወንዙ ነዋ!

ይህን የምንጽፈው ድህነትን እየናፈቅን እንዳይመስላችሁ ነው። “ድሮ ሰፈራችን፣ ድሮ ፍቅራችን” የሚለው ዘፈን እኛንም ሰልችቶናል። ያ ሰፈር በክረምት የማያስተኛ ሰፈር ነበር። ዝናብ በጣለ ሌሊት እናቶች ልጆቻቸውን ቀስቅሰው ጫማ አድርገው ያስቀምጧቸው ነበር፤ ውሃው ከመጣ ለመሮጥ። ጎርፉ ደግሞ ተረት አይደለም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በወረደ ዝናብ በተነሳ ጎርፍ ሰባት ሰዎች ሞተዋል። ስለዚህ ሰው ከወንዝ ጠርዝ መነሳት የለበትም ብሎ የሚከራከር ካለ እኛ አይደለንም። ከወንዙ አፍ ላይ ተነስቶ በተሻለ ቤት መኖር መብት ነው።

የኛ ጥያቄ ሌላ ነው። ሰውየው የተነሳው ቦታው ለመኖሪያ አደገኛ ስለሆነ ነው ከተባለ፣ እዚያው አጠገብ የቆመው ፎቅ እንዴት “የእረፍት ቤት” ሆነ? ወንዙ ለእትዬ ቆሻሻና አደጋ ነበር፤ ለከሜሪላንዱ ዘመዳችን እንዴት እይታ ሆነ? ውሃው እንደሆነ ያው ውሃ ነው። የተቀየረው ከላይ ሆኖ የሚያየው ሰው ነው።

የወንዝ ዳርቻ ፕሮጀክቱ በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር እኛም ካጨበጨቡት ውስጥ ነበርን፤ የካድን እንደሆነ የድሮ ጽሑፎቻችን ይመሰክሩብናል። 56 ኪሎ ሜትር ወንዝ፣ 29 ቢሊዮን ብር፣ ሦስት ዓመት ተባለ። በግንቦት 2011 ዓ.ም. ለገበታ አምስት አምስት ሚሊዮን ብር የተከፈለበት የ“ገበታ ለሸገር” እራት ተደረገ። ወዳጅነት ፓርክ በጳጉሜን 2012 ተከፈተ፤ ሄደን ፎቶ ተነሳን። እንጦጦ ፓርክ በ2013 መጀመሪያ ተከፈተ፤ ሄደን ፎቶ ተነሳን። አሁን ደግሞ ከእንጦጦ ቁልቁል እስከ ፒኮክ ድረስ ያለው ዳርቻ ሲሠራ እሑድ እሑድ እንራመድበታለን። ይህን ሁሉ ሠርቶ የተገኘን አስተዳደር “ምንም አልሠራም” ማለት ዓይን ማውጣት ነው፤ እኛ አንልም።

የምንለው ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል ነው። ዳርቻው አልቆ ተመርቋል፤ ውሃው ግን ገና ተራ እየጠበቀ ነው። ሣር መትከል በስድስት ወር ያልቃል፣ ሪባን ይቆረጥበታል፣ ከድሮን ላይ ሲቀረጽ ያምራል። የፍሳሽ መስመር ደግሞ መሬት ሥር ነው የሚቀበረው፤ ማንም ከጎኑ ቆሞ ሰልፊ አይነሳም። ቃሊቲ ያለው የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ አቅሙ ተስፋፍቶ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኪዩብ እንዲያጣራ መደረጉን እናውቃለን፤ ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ማጣሪያ የሚያጣራው በቧንቧ የደረሰለትን ብቻ ነው። ከቤቱ ወደ መስመሩ ያልተገናኘ ሰው ፍሳሹን ወይ ጉድጓድ ውስጥ ያጠራቅማል ወይ ሌሊት ጠብቆ ይለቃል። ወደ ወንዝ ቆሻሻ የሚለቅን በከባድ ገንዘብ የሚቀጣ ደንብ ከተማዋ በ2017 ዓ.ም. አውጥታለች። ጥሩ ደንብ ነው። ታዲያ ደንቡ ሲሠራ ያየነው መንገድ ዳር የሸና ሰውዬ ላይ ነው። ከፎቅ የሚወርድ ቱቦ ላይ ሲሠራም ለማየት እንጓጓለን።

የዘመዳችንን ሕንፃ ቱቦ ተከታተልነው። ጋዜጠኛ መሆን የሚያምረን ሰዎች ስለሆንን ወረድንና ጥበቃውን አነጋገርነው። ጋሼ ትልቅ ሰው ናቸው፤ መጀመሪያ ፈሩን፣ ኋላ ሻይ ስናስመጣላቸው ዘና አሉ። “ፍሳሹ የት ነው የሚሄደው ጋሼ?” አልናቸው። በአገጫቸው ወደ ጓሮው ጠቆሙን። ጓሮው ከግንቡ ጋር ይያያዛል፤ ከግንቡ ወገብ ላይ ደግሞ አንድ የፕላስቲክ ቱቦ አፉን ወደ ወንዙ አውጥቷል። እኛ በቆምንበት ሰዓት ምንም አይወርድበትም ነበር። “ሲሞላ ነው” አሉን ጋሼ። ከዚያ በላይ አልጠየቅናቸውም፤ ከሥራ ልናስባርራቸው አንፈልግም።

እንግዲህ አስቡት። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ እንግዳ በቀን 60 ዶላር የሚከፍልበትን እይታ ራሱ በየጠዋቱ ያበላሸዋል፤ ያውም ሳያውቅ።

ወደ ሰላጣው እንምጣ። የቀበና ውሃ እዚያ በረንዳ ሥር አያልቅም። ከግንፍሌና ከባንትይቀጡ ጋር ይገናኝና ትልቁ አቃቂ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ አባ ሳሙኤል። አባ ሳሙኤል ከአገሪቱ ቀደምት የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ የተሠራበት፣ ለ6.6 ሜጋ ዋት ተብሎ የተገደበ ውሃ ነው፤ ዛሬ የከተማው ጭቃና እምቦጭ ማረፊያ ሆኗል። ከዚያ አዋሽ፣ ከአዋሽ ቆቃ፣ ከቆቃ ወንጂ፣ መተሐራ፣ አፋር። አዋሽ ባሕር አይደርስም፤ መጨረሻው ጅቡቲ ድንበር ላይ ያለው አቤ ሐይቅ ነው። ይህም ማለት እኛ የምንለቀውን የሚወስድልን ውቅያኖስ የለም፤ የሚቀበለን የአፋር አርብቶ አደርና ከብቱ ነው። አፋር ሳይደርስ በፊትም እዚሁ ከተማዋ ጫፍ አቃቂ ላይ ጎመን፣ ሰላጣና ቆስጣ በዚህ ውሃ ይለማል። በዚህ አትክልት ውስጥ ከባድ ብረቶችን ያገኙ ጥናቶች ከሃያ ዓመት በላይ ሲታተሙ ኖረዋል፤ ቆዳ ፋብሪካውም፣ ቄራውም፣ ጋራዡም በየወንዙ ድርሻ አለው። ያ ቆስጣና ያ ሰላጣ የት ይሸጣል? እዚሁ ነዋ። የዘመዳችን ፍሪጅ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ይህንን ዙር ጉዞ “ትኩስ” ብሎ ጠርቶታል።

አትክልት የሚያለሙትን ገበሬዎች መስደብ እንዳይመስል። ሌላ ውሃ ያልሰጠናቸው እኛ ነን።

የወረቀቱን የመስህብ ዝርዝር ደግሞ እንየው፤ ምክንያቱም ዝርዝር ሐሳብ አለው። ወረቀቱን ያዘጋጀው ሰው ከተማዋ ለእንግዳ ምን እንደሆነች ወስኗል። አንድነት ፓርክ፣ ሳይንስ ሙዚየም፣ እንጦጦ ፓርክ፦ ጥሩ ቦታዎች ናቸው፤ ብሔራዊ ሙዚየምን ደግሞ ድንቅነሽ ያለችበት ቤት ነውና ማንም አይከራከርበትም። ከመካከላችን ግማሹ እዚያ የገባው አንድ ጊዜ ብቻ፣ በትምህርት ቤት ጉብኝት ተሰልፎ መሆኑን በኀፍረት እናምናለን። የከተማዋ ልጅ የ3.2 ሚሊዮን ዓመት ዘመዱን ለማየት እንግዳ እስኪመጣለት ይጠብቃል።

ነገር ግን የቀረውን ልብ በሉ። ሰውየው የመጣው ለጥምቀት ነው፤ ወረቀቱ ላይ ጃንሜዳ የለም! ከቀበና ወደ ጃንሜዳ በእግር ይኬዳል። ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ግን የመግቢያ ትኬት የለውም፣ ካፌም የለውም። የኢሬቻ ሆራ ፊንፊኔም የለም፤ ውሃ ዳር ቆሞ ፈጣሪን ማመስገን ምን እንደሚመስል ለማየት ከዚያ የተሻለ የት አለ? መስቀል አደባባይ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየምም የለም። የእረፍት መንፈስ ያበላሻል ተብሎ ይሆናል። ዘመዳችን ግን አጎቱን ያጣው በዚያ ዘመን ነው፤ ለሱ ከፏፏቴ መብራት ይልቅ ያ ቤት ይቀርበው ነበር። እኛ ወሰድነው። ከወጣ በኋላ ለረጅም ሰዓት አልተናገረም።

በዝርዝሩ ውስጥ ያለው ከተማ ትኬት የሚቆረጥበት ብቻ ነው። በዚያ ከተማ ውስጥ ሰው የለም። ሰው ካለም ጥበቃ፣ አስተናጋጅ፣ ሾፌር ነው። ሰፈር የሚባል ነገር የለም።

ሰፈሩማ በእርግጥ የለም። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ፈረሰች፣ በ2017 ካዛንችስ ተከተለች፤ ከካዛንችስ የተነሱ ብዙዎች ወደ ገላን ጉራ ሄዱ። አንዳንዱ ከነበረበት የተሻለ ቤት አግኝቷል፤ ሽንት ቤቱ የራሱ የሆነለት ሰው ደስታውን ሲነግረን አዳምጠናል፤ እውነት ነው። ሌላው ደግሞ ቤት አግኝቶ እንጀራ አጥቷል። ጉሊት የምትሸጥ ሴት ቤት ስትቀይር ደንበኛዋን ይዛ አትሄድም። የጓደኛችን እናት ያላቸው ሙያ እንጀራ መጋገር ነው፤ ለአራት ኪሎ ሆቴሎች ያስረክቡ ነበር። ከአዲሱ ሰፈር እንጀራ ጭኖ አራት ኪሎ ለማድረስ የትራንስፖርቱ ዋጋ ከትርፉ በለጠ፤ ተውት።

እኛስ? የኛ ትውልድ አልተነሳም፤ ከመጀመሪያውም አልገባም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር በአንድ ቀን ከ57 ብር ገደማ ወደ 74 ዘለለ፣ ብዙም ሳይቆይ ከ100 አለፈ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ያለው ሰው ሒሳቡ ቀላል ነው። ለእኔና ለአንቺ በወር በብር ያከራያል ወይስ ለእንግዳ በቀን በዶላር? ከኛ መካከል አንዱ የሚኖረው ከሰሚት ወዲያ በአንድ ክፍል ሰርቪስ ቤት ነው። የዘመዳችን የአንድ ሌሊት ሒሳብ በባንክ ምንዛሪ ቢሰላ ከእሱ የወር ኪራይ አይተናነስም። ጓደኛችን ይህንን ሲያሰላ ዘመዳችን አጠገቡ ነበር፤ ሁለቱም ዝም አሉ፤ ከዚያ ዘመዳችን የምሳውን ሒሳብ ቶሎ ብሎ ከፈለ።

አዋጅ አለ እኮ ትሉን ይሆናል። አለ። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል። ተከራይን ለመጠበቅ የወጣ ነው፤ ብዙዎቻችንን ጠብቆናልም። ግን ባለ በረንዳው ሰውዬ ምን ይላችኋል መሰላችሁ? “እኔ ቤት አላከራይም፣ እንግዳ ነው የማሳርፈው።” አለቀ። ለሁለት ዓመት የሚፈርም ተከራይ ሕግ ይዞበት ይመጣል፤ ለሁለት ሳምንት የሚመጣ እንግዳ ዶላር ይዞለት ይመጣል። እርስዎ ቢሆኑ የቱን ይመርጣሉ?

አሁን አንድ ነገር እንናዘዝ። ከዚህ ገጽ ጸሐፊዎች አንዱ የእንደዚህ ዓይነት ቤት ቁልፍ ያዥ ነው። ባለቤቱ ውጭ አገር ነው፤ ልጃችን እንግዳ ከአየር ማረፊያ ይቀበላል፣ አንሶላ ያስቀይራል፣ ዋይፋይ ሲጠፋ ይደወልለታል፤ ከእያንዳንዱ ሌሊት ድርሻ አለው። ይህ ጽሑፍ ሲረቀቅ “እኔን አትንኩኝ” አለ። ነክተነዋል፤ እሱም ፈቅዷል። ሥራ የለም፤ ዲግሪው ሻንጣ ውስጥ ነው፤ እንግዳው ደግሞ በእውነት ይከፍላል። ኅዳር 2014 ላይ መንግሥት አንድ ሚሊዮን ወገን ለገና ወደ አገሩ ይምጣ ብሎ ሲጠራ የመጣውን ያስተናገደው ሆቴል ብቻ አልነበረም። ስለዚህ “ሁሉም ይዘጋ፣ እንግዳ ሆቴል ይግባ” የሚለውን አቋም በምሽት ክርክራችን ላይ አንሥተን ጥለነዋል። ለቁልፍ ያዡ፣ ለአንሶላ አጣቢዋ፣ ለጋሼ የሚተርፍ ነገር አለና።

የምንፈልገው ሐቁ እንዲጻፍ ነው። “ወንዝ ዳር” ብሎ ዶላር የሚቀበል ሰው የሕንፃው ፍሳሽ ወዴት እንደሚሄድ በዚያው ማስታወቂያ ላይ ይጻፍ። ስንት መኝታ፣ ስንት መታጠቢያ ብሎ እንደሚጽፈው ሁሉ። መስመር ጋር ያልተገናኘ ሕንፃ ለእንግዳ ማረፊያነት ንግድ ፈቃድ ሊሰጠው አይገባም፤ ከተማው ይህን ለማድረግ አዲስ ቢሮ ማቋቋም አያስፈልገውም፣ ያለው በቂ ነው። አስተዳደሩ ደግሞ የቀበናን ውሃ በየወሩ ያስመርምርና ውጤቱን እዚያው የእግረኛ መንገዱ ላይ በሰሌዳ ይለጥፈው። ለመብራቱ ምሰሶ ገንዘብ ከተገኘ ለሰሌዳው አይጠፋም። ቁጥሩ አስቀያሚ ቢሆንም ይለጠፍ፤ ከወር ወር ሲቀንስ እያየን እናጨብጭብ፤ እኛ ለማጨብጨብ እጃችን የሚሰንፍ ሰዎች አይደለንም።

ሁለተኛው ከዚህ ይከብዳል። ውሃው አንድ ቀን ቢጠራ፣ ማለትም በእውነት ቢጠራና ልጆች እግራቸውን ቢነክሩበት፣ በዚያን ቀን ወንዝ ዳር የሚኖረው ማን ነው? ሽታውን አርባ ዓመት የተሸከሙት ሰዎች ንጹሑን ውሃ በእንግድነት ትኬት ቆርጠው ሊያዩት ነው? በዳርቻው ላይ ከሚሠራው ቤት የተወሰነው፣ ከጎርፉ ወሰን ውጭ፣ ከዚያ ለተነሱት በሚችሉት ኪራይ ይመደብ ብሎ መጠየቅ ቅንጦት አይደለም። መሬቱ የመንግሥት ነው፤ መሬት የመንግሥት የሆነበት አገር ይህን ማድረግ ካልቻለ የመሬቱ የመንግሥት መሆን ለእትዬ ምን ጠቀማት? ከዚያ ሰፈር የተነሱት መልስ እየጠበቁ ነው፤ እኛም አብረን እንጠይቃለን።

ውጭ አገር ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ እናንተንም አንለቃችሁም። ስትከራዩ ስለ ዋይፋይና ስለ ጄኔሬተር የምትጠይቁትን ያህል ስለ ቱቦው ጠይቁ። ባለቤቱ ለኛ ጥያቄ ጆሮ የለውም፤ ለእናንተ ግን ኮከብ ፈርቶ ይመልሳል።

ዘመዳችን ጠየቀ። ከመሄዱ በፊት ለቤቱ አስተያየት ጻፈ፦ ለንጽሕና አምስት ኮከብ፣ ለአቀባበል አምስት፣ ለቦታው ሁለት። ከሥሩም አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመረ፦ “በረንዳው አይከፈትም፤ ከጓሮው ወደ ወንዙ የወጣው ቱቦ የማን ነው?” የባለቤቱ መልስ በማግሥቱ መጣ፤ ትሑት ነው፣ ስለ ቱቦው ግን አንድም ቃል የለውም። “ውድ ደንበኛችን፣ ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን። አሁን በጋ ስለሆነ ነው፤ ክረምት ላይ ወንዙ በጣም ያምራል፣ በሐምሌ ተመልሰው ይምጡ።”

ዘመዳችን በሐምሌ አይመጣም። እኛ ግን እንሄዳለን፤ ያቺ ጓደኛችንም እናቷን ይዛ ትመጣለች። ሁለተኛው አምፖል ጋ ቆመን ፎቶውን አንሥተን እዚሁ እንለጥፈዋለን።